የማሎው ሜዳ ነጭ በር

ሃምሳ አለቃ ሩበን ሆስኪን የማሎው ሜዳን ዳር ይዞ ወደ ቤቱ ይገሰግሳል። ሌሊቱን የወረደው ዝናብ ሣሩን አረስርሶታል፤ የወታደር ጫማው በተነሣ ቁጥር ጭቃ ይረጫል፣ የደንብ ካፖርቱ ጫፍ ረጥቦ ቅልጥሙን ይመታዋል። በደቡብ አፍሪካው ጦርነት የቆሰለው ጉልበቱ እንዲህ ባለው ቀን ይጠዘጥዘዋል፤ ዛሬ ግን ጉልበት እንዳለውም ትዝ አላለው። ቆሽቱ አርሯል። ያሳረረው ደግሞ ሻለቃ ሞርዳንት የሰጠው ትእዛዝ ብቻ አይደለም፤ ትእዛዙን ሲሰማ ተረከዙን አጋጭቶ «እሺ ጌታዬ!» ያለው የራሱ አፍ ነው።

ነገሩ እንዲህ ነው። በዊክስሊ ከተማ ሕፃን ሽማግሌው እንደሚያውቀው፣ የካውንቲው፣ ማለት የአውራጃው፣ ቡድን ክሪኬት የተባለውን የኳስና የመምቻ ጨዋታ የሚጫወትበት ማሎው ሜዳ ሁለት በር አለው። አንደኛው ከጌቶች ሰገነት ፊት ለፊት ነው፤ ነጭ የተቀባ፣ እስከ ወገብ የሚደርስ፣ በየጠዋቱ የሚወለወል የናስ መቀርቀሪያ ያለው። በዚህ የሚገቡት ያለ ደመወዝ፣ ለክብራቸው የሚጫወቱት ጌቶች ናቸው። ሁለተኛው ከፈረስ ጋጣው ጎን፣ በፋንድያውና በከሰሉ ክምር መካከል ያለው ነው፤ በዚያ የሚገቡት ደሞዝተኞቹ ናቸው። አንድ ዓይነት ቆብ ያጠለቁ፣ ለአንድ ካውንቲ የተሰለፉ አሥራ አንድ ሰዎች ከሁለት በር ወጥተው ሜዳው መሀል ላይ እንደ እንግዳ ይገናኛሉ። ጌቶቹ «ሚስተር» ይባላሉ፤ ደሞዝተኞቹ ሽበት ቢያወጡም በቤተሰብ ስማቸው ብቻ ይጠራሉ። አምበል የሚሆነው ደግሞ ምንጊዜም ከጌቶቹ አንዱ ነው፤ ኳስና ሽንኩርት ባይለይም።

የሆስኪን ሥራ ነጩን በር መጠበቅ ነው። ደወል ሲደወል ይከፍታል፤ ቀኝ እጁን ወደ ቆቡ አንሥቶ ሰላምታ ይሰጣል፤ ጌቶቹ እንዳለፉ በግራ እጁ ወዲያው ይዘጋል። አንዳንዴ ወሬ ጥሞት ከጌቶቹ ኋላ የሚከተል ደሞዝተኛ ይኖራል፤ ያን ጊዜ በሩ ሆዱ ላይ ይዘጋበታል። ክፋት የለበትም፣ ሥራ ነው ይላል ሆስኪን። ሥራ ነው የማይባል ነገር የለም መቼም።

ዛሬ ግን ጌታ ጠፋ። አምበሉ ሚስተር ፌንዊክ ጨዋታው አንድ ቀን እየቀረው ትናንት ማታ ባቡር ተሳፍሮ ስኮትላንድ ገባ፤ ነሐሴ ነውና የቆቅ አደን ተከፍቷል፣ ካውንቲው ይሸነፍ እንጂ ቆቋ እንዴት ታምልጥ! ሌላኛው ጌታ ከፈረስ ወድቆ ክንዱን ሰብሯል። በሁለቱ ቦታ ሁለት ደሞዝተኞች ገቡ። ስለዚህ አሥራ አንዱም ደሞዝተኛ ሆነ፤ አምበልነቱም ሜዳው ከተከፈተ ወዲህ ለመጀመሪያ ጊዜ በደሞዝተኛ ላይ፣ በአንጋፋው ኳስ ወርዋሪ በጄቤዝ ሩድል ላይ ወደቀ። ጄቤዝ የሆስኪን ሚስት ወንድም ነው።

የክለቡ ጸሐፊ ሻለቃ ሞርዳንት ይህንን እንደ ወረርሽኝ ነው ያየው። ጢሙን እየጠቀለለ፣ «ሩድል እንደ ልማዱ በጋጣው በር ይገባል» አለ። «አንተ ግን፣ ሃምሳ አለቃ፣ ደወሉ ሲደወል ነጩን በር ትከፍታለህ፣ ሰላምታ ትሰጣለህ፣ ትዘጋለህ።»

«ለማን ነው የምከፍተው ጌታዬ? የሚገባበት ሰው የለም።»

«ለሥርዓቱ!»

ለነፋስ ሰላምታ ስጥ መባሉ ነው። እሱም «እሺ ጌታዬ!» አለ።

ሚስቱ ድሩሲላ ከሜዳው መግቢያ አጠገብ ካለችው የዘበኛ ቤት ደጃፍ ተቀምጣ አተር ትፈለፍላለች። ሲመጣ ከሩቅ አይታው እጇን ገታች።

«ምነው? ማን ነካህ ደግሞ በጠዋቱ?»

ነገራት። መጀመሪያ ሳቀች፤ ሣህኑ ከጉልበቷ እስኪንሸራተት ሳቀች።

«ለነፋስ? ሰውየው ሳይነጋ መጠጣት ጀመረ እንዴ? ታዲያ ነፋሱን ሚስተር ብለህ ጥራዋ! ሚስተር ነፋስ፣ እንደምን አደሩ በለው!» ከዚያ ሳቋ ቆመ። «አንተስ ምን አልክ?»

ሆስኪን ካፖርቱን መፍታት ጀመረ።

«እሺ ጌታዬ አልክ አይደል? አልክ! ጀርባህ ያስታውቃል። ወንድሜ የካውንቲው አምበል ሆኖ በፋንድያ መሀል ሲገባ አንተ ለነፋስ ልትሰግድ!»

«ታዲያ ምን ልበል ድሩሲላ?»

«እምቢ በላ! ምላስ የለህም?»

«ቤቱስ?»

ቤቱ የክለቡ ነው። ሥራው ከሄደ ቤቱም ይሄዳል፤ በስተርጅና፣ በአንካሳ ጉልበት፣ ሌላ ቤት የሚሰጣቸው የለም። ድሩሲላ ግን የተወለደችው እዚያው ነው። አባቷ ኦባዲያ ሩድል ነው ምድጃውን በገዛ እጁ የሠራው። ሜዳውንም እንደዚሁ። ማሎው የበግ መስክ በነበረ ጊዜ ኦባዲያና የሰፈሩ ሰዎች ናቸው ከሥራ መልስ በአካፋ ጉብታውን ያስተካከሉት፣ ሣሩን በምንጣፍ በምንጣፍ ቆርጠው በትከሻቸው ያመጡት። ያኔ በር የሚባል አልነበረም። በእሾሁ አጥር መሀል አንዲት ክፍተት ነበረች፤ ባለርስቱም ቀጥቃጩም በዚያችው ይሾልካሉ፤ ባለርስቱ ለቀጥቃጩ ቅርንጫፍ ይይዝለት ነበር። በኋላ ባቡሩ መጣ፣ በባቡሩ ተመልካች መጣ፣ ክለብ ተቋቋመ፣ ሰገነት ተሠራ፣ ነጩ በር ተተከለ። አዲሱ በር የተመረቀ ቀን ኦባዲያ እንደ ልማዱ ሊገባ ሲል «በጋጣው በኩል ዙር» ተባለ። ዞረ። እስኪሞት ድረስ እንደዞረ ኖረ።

«ቤቱ ምን ይሆናል?» አለች ድሩሲላ፤ ድምፅዋ ዝቅ ብሏል፣ ንዴቷ ግን አልወረደም። «ይውሰዱት። ካንተ ይልቅ የሚቆጨው እኔን ነው። እናቴ የሞተችው እዚያ ጓዳ ውስጥ ነው። እኔ ይውሰዱት ካልኩህ አንተ ምን ቀረህ? ሂድና ንገራቸው። አባቴን አዞሩት፤ ወንድሜን ግን ዛሬ አያዞሩትም።»

ሆስኪን የፈታውን ቁልፍ መልሶ ቆለፈና ተመለሰ።

ሻለቃው በሰገነቱ ፎቅ ላይ ከክለቡ ሊቀመንበር ከሎርድ ሃዘርሊ ጋር ቁርስ ላይ ነበር። ሎርዱ የበግ ኩላሊት እየቆረጠ ነው። ሆስኪን ከበሩ ሦስት እርምጃ ገባ ብሎ ቀጥ አለ።

«ጌታዬ፣ ለነፋስ አልከፍትም።»

ሻለቃው ጽዋውን አስቀመጠ። «ምን አልክ አንተ?»

«የካውንቲው አምበል ሩድል ነው ጌታዬ። አምበል በነጩ በር ይገባል፤ ሥርዓቱ ይኸው ነው። ሥርዓት ከተባለ ሥርዓቱን ልጠብቅ ነው የመጣሁ። በጦር ሜዳም ቢሆን ለባዶ ኮርቻ ሰላምታ ስጡ ተብለን አናውቅም።»

ተናግሮ ሲጨርስ ጆሮው ይጮህበታል፤ እንዲህ ብዙ ቃል ከፊታቸው ተናግሮ አያውቅም። ሻለቃው ሊነሣ ሲል ሎርዱ ሹካውን እንደያዘ ሳቀ።

«ተወው ሞርዳንት፣ እውነቱን እኮ ነው! ለነፋስ ማለትህ ራሱ ትንሽ ያስቃል። ሩድልን አስገባው። አንድ ቀን ነው፤ ጣራው አይደረመስብንም።»

የሻለቃው አንገት ደም መሰለ። ለሎርዱ አንገቱን ደፋ፤ ወደ ሆስኪን ሲዞር ግን ጥርሱን ነክሷል።

«እንግዲያው እሱ ብቻ። ሩድል ብቻ! ሁለተኛ ሰው በዚያ በር ቢያልፍ፣ ሃምሳ አለቃ፣ እዚያው በቆምክበት የቤቱን ቁልፍ ታስረክበኛለህ። ገባህ?»

«እሱማ ተገቢ ነው» አለ ሎርዱ፤ ወደ ኩላሊቱ ተመለሰ።

ሆስኪን ደረጃውን ሲወርድ ጉልበቱ እንኳ አላነከሰም። አሸነፍኳቸው አለ በልቡ። ቤቱም ተረፈ፣ ጄቤዝም በነጩ በር ሊገባ ነው። ለድሩሲላ የሚነግራትን ቃል በአፉ ውስጥ እያጣጣመ ወደ ጋጣው ሄደ።

የደሞዝተኞቹ ክፍል ድሮ የገለባ ማስቀመጫ የነበረች ጎጆ ናት። አሥራ አንድ ሰው በክርንና በጉልበት እየተገፋፋ ይለብሳል። ከደጅ የሜዳውን መዳመጫ የምትጎትተው ፈረስ ቆማለች፤ ሣሩን ኮቴዋ እንዳይጎዳው አራቱንም እግሯን የቆዳ ጫማ አልብሰዋታል።

«እዩአት እስቲ!» ይላል ወጣቱ መቺ ኔድ ፖስትል፣ የተቀደደ ጫማውን በገመድ እያሰረ። «ከእኔ የተሻለ ጫማ አላት። ብትወድቅ ያዝኑላታል፣ ድርቆሽ ይገዙላታል። እኔ ፈረስ ሆኜ ብወለድ ኖሮ ይኼኔ ሰው ሆኜ ነበር።»

ጓዶቹ ሳቁ። ጄቤዝ ሩድል ጥግ ላይ ተቀምጦ የተሰነጣጠቁ ጣቶቹን በበግ ሞራ ያሻል። ግዙፍ ሰው ነው፤ አይቸኩልም፣ ብዙ አያወራም፣ ሲናደድም ድምፁ ይቀንሳል እንጂ አይጨምርም።

«ጄቤዝ! ተነሥ፣ ቆብህን አስተካክል!» አለ ሆስኪን ከደጃፉ። «ዛሬ የምትገባው በነጩ በር ነው! ከሎርዱ ፊት ተከራክሬ ነው ያስፈቀድኩልህ!»

ጎጆዋ በጩኸት ተሞላች። ኔድ ጫማውን ጥሎ እየዘለለ ጄቤዝን ጀርባውን መታው። ጄቤዝ ጣቶቹን በጨርቅ ጠረገ።

«እነዚህስ?»

«እነሱማ... እነሱ በዚህ በኩል ነው። አንተ ብቻ።»

ጩኸቱ ጠፋ። አንዱ አሳለ።

«እኔ ብቻ» አለ ጄቤዝ። «እነዚህን ልጆች በፋንድያው በኩል ሰድጄ እኔ በነጩ በር ሚስተር ልሁን? ከዚያ መሀል ሜዳ ላይ ስንገናኝ ምን ልበላቸው? እንደምን አደራችሁ ልበላቸው?»

ሆስኪን ቱግ አለ። «አንተ ውለታ ቢስ! ለአንተ ብዬ ቤቴን አስይዤ እኮ ነው የመጣሁት! ከእናንተ ሁለተኛ ሰው ቢያልፍ ቁልፍህን አምጣ ብሎኛል! እህትህን ጎዳና ላይ ልታወጣት ነው?»

«ማን ለምኖህ ነው የሄድከው?»

«እህትህ!»

«እህቴ ወንድሜን አስገባ ብላሃለች። እነዚህን አስወጣልኝ አላለችህም።» ጄቤዝ ተነሣ፤ ራሱ ጣራውን ሊነካ ትንሽ ቀረው። «እኔ እዚህ በደሞዝ መጫወት የጀመርኩ ዓመት ትዝ ይልሃል? ከአንድ ጌታ ጋር እያወራሁ ስመጣ በሩን ሆዴ ላይ ዘጋህብኝ። የእህቴ ባል! ሠርግህ ላይ የጨፈርኩልህ ሰውዬ! የከፋኝ መዝጋትህ አይደለም። ማን ላይ እንደዘጋህ አለማየትህ ነው። ቀና ብለህ እንኳ አላየኸኝም ሩበን።»

ሆስኪን አፈረ፤ ማፈሩ ደግሞ ይበልጥ አናደደው።

«አሁን ስማኝ» አለ ጄቤዝ፣ ድምፁ ለጎረቤት በማይሰማ መጠን ዝቅ ብሎ። «አሥራ አንዳችንም በነጩ በር እንመጣለን። የቤቱን ነገር አውቃለሁ፤ ምድጃውን የሠራው አባቴ ነው። አልችልም ካልክ አሁኑኑ በለኝ። እንደ ልማዳችን በጋጣው እንገባለን፣ አልቀየምህም፤ አብረን ቢራ እንጠጣለን። እችላለሁ ካልክ ግን በሩን ክፈትና እጅህን አንሣ። ሌላ ምንም አትሥራ። እጅህን አንሣ፣ በቃ።»

ሰዎቹ ሁሉ ሆስኪንን ያዩታል። ሆስኪን ምድጃውን አሰበ። ጓዳውን አሰበ። ድሩሲላ «ይውሰዱት» ስትል የነበረውን ፊቷን አሰበ። ከዚያ ለነፋስ ሊሰጠው የነበረው ሰላምታ ትዝ አለውና ደሙ ፈላ።

«አነሣለሁ» አለ። «እጄን ይቁረጠው ብዘጋው!»

ጄቤዝ በሞራ የለሰለሰ እጁን ዘረጋለትና ተጨባበጡ።

ፀሐይዋ ደመናውን ሰንጥቃ ወጣች፣ ከርጥቡ ሣር እንፋሎት ይነሣል። ዝናብ መትቶት ፀሐይ የሚያደርቀው መሬት ለጄቤዝ ዓይነት ወርዋሪ ሠርጉ ነው፤ ይህንን የሚያውቀው የዊክስሊ ሕዝብ ከጠዋቱ ጀምሮ የሣር ተዳፋቱን ሞልቶታል። የጫማ ፋብሪካው ሰዎች አሉ፣ ሥጋ ሻጮች ከነሽርጣቸው አሉ፣ ሥራ አመመን ብለው የቀሩ አሉ። በሰገነቱ ላይ ጌቶች በሸንበቆ ወንበር ተቀምጠዋል። ሻለቃው የሰገነቱን አጥር ተደግፎ ከነጩ በር ልክ በላይ ቆሟል።

ደወሉ ተደወለ።

ጄቤዝ ከጋጣው ወጣና በሜዳው ዳር፣ በሰገነቱ ፊት ለፊት መጣ። አሥሩ ሰዎቹ በሰልፍ ይከተሉታል፤ ኔድ ፖስትል ሁለተኛ ነው። ሕዝቡ ያየው ነገር እስኪገባው ትንሽ ቆየ፣ ከዚያ ከተዳፋቱ ላይ ጉምጉምታ ተነሣ። «በነጩ ነው! በነጩ ሊገቡ ነው!» አንዲት ዓሣ ሻጭ ቅርጫቷ ላይ ቆማ፣ «ጎሽ ሩድል! አንገትህን ቀና!» ብላ ጮኸች።

ሆስኪን በሩን ከፈተ። አልፈራም፤ እንደዚያ ቀን ደስ ብሎት አያውቅም። ቀኝ እጁን ወደ ቆቡ አነሣ። ጄቤዝ ደረሰ፤ ዓይን ለዓይን ተያዩ፤ ጄቤዝ በትንሹ ራሱን ነቀነቀለትና አለፈ።

በሩም ተዘጋ።

የናሱ መቀርቀሪያ ሲገባ ቀጭ አለ። ኔድ ፖስትል መሄዱን አላቆመም ነበርና ዳሌው ከእንጨቱ ጋር ተላተመ። ሆስኪን ወደ ታች አየ። የዘጋው የእሱ ግራ እጅ ነው። ቀኙ ገና ቆቡ ላይ ነው፣ ግራው መቀርቀሪያው ላይ። አላዘዘውም። በነዚያ ሁሉ ዓመታት እንደሚያደርገው ነው ያደረገው፤ ጌታው ሲያልፍ፣ ከኋላ የደሞዝተኛ ፊት ሲመጣ፣ ይዘጋል።

«ሃምሳ አለቃ» አለ ኔድ፣ ገና ያልገባው ሆኖ፣ «ዘጋህብኝ እኮ።»

ያ ሁሉ ሰው ባለበት የፈረሷ ማንኮራፋት ይሰማል። ጄቤዝ ሣሩ ላይ ለብቻው ቆሞ ዞረ።

አሁን መቀርቀሪያዋን ማንሣት ብቻ ነበር። በሩ መልሶ ይከፈታል፣ ስህተት ነበር ይባላል፣ ይሳቃል፣ ይታለፋል። እጁ እዚያው ላይ ነው። ጣቱ የናሱን ቅዝቃዜ ይሰማዋል። ክፈተው አለ ለራሱ። ክፈተው፣ አንተ ሰውዬ! ያኔ ቀና ሲል ከላይ ሻለቃው አጥሩ ላይ ተደፍቶ ሲያየው አየ፤ ሻለቃው መዳፉን ወደ ላይ ዘርግቶ ነበር፣ ቁልፍ እንደሚቀበል ሰው። ሆስኪን ምድጃውን አየ፣ ጓዳውን አየ፣ ክረምቱን አየ። ጣቱ አልተነሣም። የመጀመሪያውን የዘጋው እጁ ነው እንበል፤ ሁለተኛውን ግን ራሱ ነው የዘጋው፣ ያውም እያወቀ።

ጄቤዝ ጠበቀው። ከዚያ ቀስ ብሎ ተመለሰ፤ የሆስኪንን ጣቶች አንድ በአንድ ከመቀርቀሪያው ላይ አላቀቀ፣ በሩን ራሱ ከፈተ፣ ወጣ፣ ዘጋው።

«እችላለሁ ብለኸኝ ነበር እኮ» አለው።

ሌላ አልተናገረም። ሰዎቹን ይዞ በመጣበት ተመለሰ። ተዳፋቱ ላይ ቁጣው የፈነዳው ያኔ ነው።

«ዘበኛ! ሚስትህም ላይ እንዲህ ነው የምትዘጋው?»

«ያን የናስ ቁልፍ ከካፖርቱ ቁረጡለት!»

«የሻለቃው በር ነህ እንጂ ሰው አይደለህም!»

የጎመን ግንድ ተወርውሮ ከእግሩ ሥር ወደቀ። ሆስኪን አላነሣውም። ከሜዳው ማዶ አሥራ አንዱ ሰዎች በከሰሉና በፋንድያው መሀል ተራ በተራ ብቅ ሲሉ ተዳፋቱ እንዳለ ብድግ አለ፤ ባርኔጣ የነበረው ሁሉ ባርኔጣውን አወለቀ። በሰገነቱ ላይ ግን ማንም አልተነሣም፤ አንዱ ጌታ ጋዜጣውን ገለጠ።

ከሰገነቱ የወረደው ሻለቃ እጁን በሆስኪን ትከሻ ላይ አሳረፈ።

«ጎበዝ፣ ሃምሳ አለቃ። ለአፍታ አስግተኸኝ ነበር።»

ሆስኪን ያን እጅ ይዞ መስበር አማረው። አፉ ግን «አመሰግናለሁ ጌታዬ» አለ።

ከዚያ የተጋጣሚው የሰሜኖቹ ቡድን የመጀመሪያ መቺ፣ ሚስተር የሚባል፣ የሐር ማሰሪያ የታጠቀ ጎረምሳ መጣ። ሆስኪን ከፈተ፣ ሰላምታ ሰጠ፣ ዘጋ። ጎረምሳው መሀል ሜዳ ደርሶ ጓንቱን እያስተካከለ ቆመ። ጄቤዝ ሮጦ መጥቶ የመጀመሪያዋን ኳስ ሲለቃት ከጎረምሳው ጀርባ ከተተከሉት ሦስት እንጨቶች መሀለኛው ተነቅሎ ተፈናጠረ። ጎረምሳው መምቻውን ገና አላነሣም ነበር፤ እንጨቱ ከወደቀ ደግሞ መቺው ከጨዋታ ይወጣል። ተመልሶ ሲመጣ ሆስኪን ከፈተለት፣ ሰላምታ ሰጠው፣ ዘጋለት። ያን ረፋድ ሙሉ እንዲህ ሆነ፤ ጄቤዝ በዚያ በሚደርቅ መሬት ላይ እየወረወረ ጌቶቹን አንድ በአንድ ይመልሳቸዋል፣ ሆስኪን ይከፍታል ይዘጋል። ሕዝቡ ያብዳል። ጄቤዝ ፈገግ አላለም፤ አንድም ጊዜ ወደ ነጩ በር አላየም። ሰው ሲናደድ እንዲህ እንደሚያምርበት የዊክስሊ ሕዝብ ያየው ያን ቀን ነው፤ ለልጅ ልጁም አወራው።

ተጫዋቾቹ ለምሳ ሊወጡ ሲሉ ድሩሲላ ከቤቷ ወጣች። ሽርጧን አልፈታችም፣ እጅጌዋ እንደተሰበሰበ ነው። ሁሉንም ከደጃፏ ቆማ አይታዋለች። ሴት በማታልፍበት፣ በሜዳው መስመር ላይ፣ በሰገነቱ ፊት ለፊት ቀጥ ብላ መጣች። አንዱ ጌታ «እመቤት፣ በዚያ አይታለፍም» ቢላት አልሰማችውም። በነጩ በር አጠገብ ስታልፍ ባሏ «ድሩሲላ» አለ። አንገቷን አላዞረችም።

ጋጣው ጋ ደረሰች። ያን በር ለማንም ሰው ማንም ከፍቶለት አያውቅም፤ ደሞዝተኞቹ በእግራቸው ገፍተው ነው የሚወጡት፣ ተመልሶም ተረከዛቸውን ይመታቸዋል። እሷ በሁለት እጇ ይዛ እስከ ጥግ ከፈተችው፣ ጀርባዋን አስደግፋ ያዘችው። ጄቤዝ ደረሰና ቆመ። ቆቡን አወለቀላት። አይቷት አለፈ። ከኋላው ያሉትም እያንዳንዳቸው ቆባቸውን እያወለቁ አለፉ።

ሆስኪን ነጩን በር ጥሎ እያነከሰ መጣ። ሲደርስ ትንፋሹ ተቆራርጧል።

«ድሩሲላ፣ እጄ ነው። እጄ ነው የዘጋው፣ እኔ አይደለሁም።»

እሷ ከሜዳው የሚወጡትን ማየቷን አላቆመችም።

«ሰው እያየን ነው። ነይ ቤት እንግባ። ቤቱ እኮ ቀረልን። ቁልፉን አልተቀበሉኝም።»

ኔድ ፖስትል ዳሌውን ይዞ ከሁሉም ኋላ ይመጣል። ድሩሲላ በሩን በጀርባዋ ይዛ እሱን ትጠብቀዋለች።

«ቤቱ ያንተ ነው» አለችው፣ ዓይኗን ከኔድ ላይ ሳታነሣ። «ግባበት።»

ኔድ ቆቡን አውልቆ አለፈ። እሷም ተከትላው ወደ ደሞዝተኞቹ ጎጆ ገባች።